በጫማዬ ያጠፋሁት ክብ

ለታናሽ እህቴ፦

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ የተሳሳተ ወሬ ላርም፤ ይህን ሳላደርግ የማቀርበው ሰላምታ ልብሽ አይገባምና። ፍርስራሹን ከከበበው ገመድ ወዲያ የቆሙት ሰዎች «አሮጊቷ ከታች በሕይወት ያለ ሰው የለም ብላ ምልክቱን አጠፋች፤ የእህቷን ልጅ ትታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች» እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። ምልክቱን ማጥፋቴ እውነት ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጤም እውነት ነው። በሕይወት ያለ ሰው የለም ብላለች የሚለው ግን ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሁለቱ እውነት ስለሆኑ ሦስተኛውን ሁሉም ሰው አብሮ ዋጠው፤ አንቺም ጭምር።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንደምን አለሽ? የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ከአምቡላንሱ አጠገብ ቆመሽ አይሻለሁ። ወንበር ሲያመጡልሽ ገፍተሽ ስትመልሺ አይቻለሁ። ቀኝ ጉልበትሽን እያሳረፍሽ በግራው ብቻ መቆምሽንም አይቻለሁ። እባክሽ ተቀመጪ። ብትቆሚም ብትቀመጪም የሚታይሽ ያው ነው። የሚሰጡሽን ውኃም ጠጪ። ውኃ ያልጠጣ ሰው ድምፁ ይዘጋል፤ እኔ ደግሞ ነገ ካንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። የነፍስ አድን ቡድናችን አለቃ «እማማ፣ እርስዎ ካላረፉ ውሻዋም አታርፍም» ብሎ አስገድዶ ድንኳን አስገብቶኛል። እውነቱን ነው። ቁራሽ እግሬ ሥር ተጋድማለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች እንጂ ጆሮዋን አልጨፈነችም። ነፋሱ እስኪበርድ ማንም ሰው ፍርስራሹ ላይ እንዳይወጣ መሐንዲሱ ስለ ከለከለ፣ የቀኑ ብርሃን ሳይሸሽ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ገመዱ ጋ መጥቼ እንዳልነግርሽ፣ ትናንት ስቀርብሽ ፊትሽን አዙረሽ ለጎረቤትሽ «ይህችን ሴትዮ ከፊቴ ዞር አድርጉልኝ» አልሽ። ዕድሜሽን ሙሉ እትዬ ስትይኝ ኖረሽ በአንድ ቀን ሴትዮ ሆንኩ። ይሁን። ደግሞም የምነግርሽ ነገር በገመድ ላይ ተጩኾ የሚነገር አይደለም፤ በአንቺና በእኔ መካከል ሊቀር ይችላል። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። የሰው ጉዳይ የማያይ ጨዋ ሰው ነው፤ ቢሆንም ፖስታውን በደንብ አጣብቄዋለሁ።

ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ለሰው ስታስተዋውቂኝ «የውሻ ሞግዚት ናት» ትያለሽ፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ ግን ሳትስቂ ስሚኝ። ትናንት ጎረቤትሽ የልጅቷን ሻርፕ ይዛ መጥታ «ይህን ታሽትተው» አለችኝ። ሻርፑን ስመልስላት አለቀሰች። ጨክኜባት አይደለም። ቁራሽ አንድን ሰው ለይታ አትፈልግም። የምትፈልገው በሕይወት ያለን ማንኛውንም ሰው ነው፤ ከድንጋይና ከብረት መካከል በስንጥቅ የሚወጣውን የሰው ትንፋሽ። አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ ትሄዳለች፤ ስታገኝ ቆማ ትጮኻለች፤ እስክንደርስላት ከዚያ ቦታ አትነቃነቅም። ደመወዟ አንዲት የተበሳሳች የጎማ ኳስ ናት። በልምምድ ጊዜ ኳሷን የሚሰጣት ተደብቆ የተገኘው ሰው ራሱ ነው። በእሷ ቤት ሰው ማለት ከሥር ወጥቶ ኳስ የሚሰጥ ፍጡር ነው።

አንድ ድክመት አላት፤ ድክመቱ የእሷ ብቻ ሳይሆን የውሻ ሁሉ ነው። ከአፍንጫዋ ቀጥሎ የምታምነው ይዟት የወጣውን ሰው ነው። ትከሻዬ ሲከብድ ታውቃለች። እርምጃዬ ሲያጥር ታውቃለች። ትንፋሼን ስይዝ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ልታስደስተኝም ትወዳለች። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ድምፀ ጎርናና፣ የልጆች እናት፣ ቀድሞ አውቶቡስ ላይ ስለ ሠራች ሁላችንም ትኬት ቆራጯ እያልን የምንጠራት። ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ በልምምድ ላይ፣ የተደበቀው ሰውዬ አንድ በርሜል ውስጥ ያለ መሰላትና በርሜሉ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ቁራሽ በርሜሉን አሸተተች፤ ቀና ብላ የትኬት ቆራጯን ፊት አየች፤ ከዚያም በርሜሉ ላይ ጮኸች። ሰውዬው ለካ ከኋላቸው ዛፍ ላይ ሆኖ ዳቦውን ይገምጣል። ያን ቀን በሳቅ ፈረስን። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ነገር በቃላቸው አስያዝኳቸው፤ እኛን በልጅነታችን እንዳስያዙን፣ ቃል ሳይጎድል። የምትፈልጉት ሰው የት እንዳለ ያወቃችሁ ከመሰላችሁ፣ ወይም የት እንዲሆን ከተመኛችሁ፣ ውሻዋን ለማያውቅ ሰው ስጡና ጀርባችሁን አዙሩ። ከሩቅም ታያችኋለችና።

ትናንት እኛ ስንደርስ አቧራው ገና አልወረደም ነበር። ሕንፃው እንዴት እንደ ወደቀ ከቆምሽበት ቦታ አይታይሽም። የፊተኛው ወገን፣ የልብስ ስፌቱ ቤት ያለበት፣ የየፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ሶሌታው በሶሌታ ላይ ተጋድሟል። የኋለኛው ግን ጨርሶ አልወደቀም፤ ተንጋዶ ፊተኛውን ተደግፎ ቀርቷል። ስፌተኞቹ ከምሳ በፊት እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ግቢው ወጥተው ስለነበር ተርፈዋል፤ የጠፋችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት አሉኝ። አለቃው ስሟን ከወረቀት ላይ ሲያነብልኝ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም ነበር። ነገርኩት። «እንግዲያው እርስዎ ይቆዩ፤ ትኬት ቆራጯ እስክትደርስ እንጠብቅ» አለኝ። ትክክል ነበር። እኔ ግን አልጠበቅሁም። ሌላውን ሁሉ ያስተማርኩትን ነገር ራሴ ረስቼ ቁራሽን ይዤ በኋላ በኩል ወጣሁ።

አንድ ስንጥቅ ጋ ስንደርስ አፍንጫዋን አስገባች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጮኸች። ኖራውን አውጥቼ ቦታው ላይ የክብ ምልክት አደረግሁ። የኖራውን ቆርቆሮ ስከድን ነው ትንፋሼ የወጣው። እዚያ ከደረስኩ ጀምሮ ይዤው ኖሯል! ከሥሬ ያለችው ክፍል የማን እንደሆነች አውቅ ነበር፤ እንዴት እንዳወቅሁ ኋላ እጽፍልሻለሁ። ልጅቷ እዚያ እንድትሆንልኝ ተመኝቼ ነበር። ውሻዋም ቀና ብላ አይታኛለች። በርሜሉን አስቢው።

ስለዚህ ክቡን በጫማዬ አጠፋሁት። አለቃው ከታች ሆኖ «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ይህ የውሻዋ ምልክት አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኩት። አንቺ የደረስሽው በዚያች ሰዓት ነው። ያየሽው እህትሽ በልጅሽ መቃብር ላይ እግሯን ስትጠርግ ነው። በዚያ ርቀት ሌላ ሰውም ሌላ ነገር አያይም። ነገር ግን የእኔ ምኞት በሠራው ምልክት ላይ ሰዎቹን ሁሉ ባስቆፍር፣ እሷ ሌላ ቦታ እየተነፈሰች ብትሆንስ? ይህን ለማስረዳት እኔ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንቺም ጆሮ አልነበረሽም።

ትኬት ቆራጯ ስትደርስ የጠፋችው ማን እንደሆነች፣ የት ትሠራ እንደነበር አልነገርኳትም። አለቃውንም አፉን አስያዝኩት። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሪ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ሂጂ አልኳት። «ማንን ነው የምንፈልገው?» አለችኝ። «የሚተነፍስ» አልኳት። «እሺ እማማ፣ ዛሬስ አያያዝዎ የትኬት ተቆጣጣሪ ይመስላል» ብላ ሄደች። እኔም ያቺን ድንጋይ መርጬ ጀርባዬን ለፍርስራሹ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ጀርባዬን ለፍርስራሹ ስሰጥ ፊቴ ወደ አንቺ እንደነበር አስተውለሻል? ብዙ ፍርስራሽ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያች ቁጭታ የከበደኝ የለም። የቁራሽ ጥፍሮች ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኩ እሰማለሁ፤ የት እንዳለች ግን አላይም። የሚታየኝ ያንቺ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርስራሹን በፊትሽ ላይ አነበብኩት። ከንፈርሽ ሲላቀቅ ስፌት ቤቱ ላይ መድረሳቸውን አወቅሁ። «እዚያ ናት! እዚያ ናት!» ብለሽ ጮኽሽ። የጥፍሩ ድምፅ ቆመ። እዚያ ቆየች፤ ብዙ ቆየች። እኔም ጮኺ፣ በናትሽ ጮኺ ልላት ደርሼ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ ፊትሽ ሲወድቅ አየሁ። አልፋ መሄዷ ነው። ጥፍሮቿ እየራቁ ሄዱ፤ ከዚያም ጨርሶ ምንም አልሰማሁም። አንቺም በትከሻዬ ላይ አሻግረሽ ወደ ኋላው ወገን ማየት ትተሽ መሬት መሬቱን ማየት ጀመርሽ።

ያን ጊዜ ቁራሽ ጮኸች። ትኬት ቆራጯም በአውቶቡስ ልማዷ «ወራጅ አለ!» አለች። ሰው ሲገኝ የምትለው እንዲህ ነው፤ ብንቆጣትም አልተወችም። እኔም ዞርኩ። ቁራሽ የጠፋው ኖራዬ ላይ፣ በዚያችው ስንጥቅ ላይ ቆማለች። ወደ እኔም ወደ ትኬት ቆራጯም ቀና አላለችም፤ አፍንጫዋን ቀብራ ወደ ታች ነው የምትጮኸው። ክቡን በዚያው ቦታ እንደገና የሠራችው ትኬት ቆራጯ ናት። አንቺ ግን የመጀመሪያውን መጥፋት እንጂ የሁለተኛውን መሠራት አላየሽም፤ አንገትሽን ደፍተሽ ነበር።

ሌላም ወሬ አለ። ዛሬ ጠዋት «ሰው እያለቀ እነሱ ከውሻ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታሉ» ተባልን። አንድ ጎልማሳ ድንጋይ አንስቶ ነበር፤ አልፈርድበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አነሳ ነበር። ነገሩ ይህ ነው። ቁራሽ ትጮኻለች፤ የሚወጣ ሰው የለም፤ ኳስ የለም። ደግማ ትጮኻለች፤ አሁንም የለም። እንዲህ ሲሆን ልቧ ይሰበራል፤ ጅራቷ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ሰው እያለ እንኳ ዝም ብላ ታልፋለች። ስለዚህ ትኬት ቆራጯ ቆርቆሮ ሥር ገብታ ተደበቀች፤ ቁራሽ አገኘቻት፤ ኳሷን ተቀበለች። ትኬት ቆራጯ ከቆርቆሮው ሥር ስትወጣ ትስቅ ነበር፤ ያን ሳቅ ነው ሰዎቹ ያዩት። ከውሻዋ ጀርባ ሆና ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ ግን ማንም አላየም። ውሻዋ እንድትደሰት መሳቅ አለባት፤ የውሸት ሳቅ ደግሞ ቁራሽ አትቀበልም።

ከዚያ በኋላ ውሻዋን እንደገና ወደ ኋላ ወሰድናት። ጮኸች። ግን ከትናንቱ ዘግይታ ነው የጮኸችው። ነፋሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የማላውቀውን አልጽፍም።

አሁን ክርክሩን ልንገርሽ፤ ነገ የሚሆነው በእሱ ይወሰናልና። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ያለው አንድ የሠራተኛ ቡድን ነው፤ ነገ ጠዋት የሚደርስለትም አንድ ኤክስካቫተር ነው። ሁለተኛ ውሻ ከሌላ ከተማ ተጠርቷል፤ መንገዱ ስለተበላሸ ነገ ከምሳ በኋላ ካልሆነ አይደርስም። መሐንዲሱ ሁለት መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ አሳየን፤ አንዱ ሌላውን የተደገፈ። «ፊተኛው በማሽን ከተነሳ ኋለኛው ይወርዳል። ከኋላ በእጅ፣ በእንጨት እየደገፍን ብንገባ ግን ፊተኛው ባለበት ይቆያል» አለ። ጥርት ያለ ንግግር ነው፤ ማንም ይገባዋል። «ታዲያ ከኋላ እንጀምራ» አልኩ።

አለቃው ራሱን ያዘ። «እማማ፣ ስፌት ቤት የምታሠራቸው ሴት ልጅቷን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የስፌት መኪናዋ ላይ አይቻታለሁ ትላለች። ዘበኛው ከኋላ ያለችው እቃ ቤት ናት፣ ሰው የለባትም ይላል። እናትየዋ ከፊት ናት እያሉ ይጮኻሉ። የመጀመሪያውን ምልክት ደግሞ እርስዎ ራስዎ አጠፉት። በምን አፌ ነው ከኋላ ቆፍሩ የምለው?» ደንባችን እንዲህ ይላል፤ ውሻና ምስክር ከተለያዩ ሁለተኛ ውሻ ይጠበቅ፤ ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ የቅርብ ቤተሰብ ቃል ይቅደም። ደንቡ ሲወጣ ስለ ቤተሰብ ቃል አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። «እኔም ቤተሰብ ነኝ» አልኩት። «እናት ቆማ?» አለኝ።

ዘበኛውን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። «ያቺ ክፍል ሰው ይኖርባታል፤ አንድ ሰዓት ሠሪ ይኖርባታል፤ ልጅቷም ታውቀዋለች» አልኩ። ዘበኛው ማለ፤ ተገዘተ። የሕንፃው ባለቤት ሳያውቅ ማከራየቱን ቢናገር ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ስለዚህ አለቃው አንቺን ሊጠይቅ መጣ። የመለስሽለትን እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። «ልጄ እዚያ ወገን የምታውቀው ማንም የለም፤ እህቴ አርጅታለች» አልሽው።

ስለ ማርጀቴ ትክክል ነሽ። ወደ ሌላው ልምጣ።

ልጅሽ ቁራሽን ማበጠር ትወዳለች። በእረፍት ቀኗ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ስታበጥራት ነው የነገረችኝ። የእጅ ሰዓትሽ ቆሞብሽ መሳቢያ ውስጥ የጣልሽውን ጊዜ ታስታውሺያለሽ። ልታስደንቅሽ ብላ ሳትነግርሽ ወሰደችው። ከሥራዋ ራቅ ያለ ሰፈር፣ መስኮት በምታህል ሱቅ ለሚሠራ ሰው ሰጠችው። ሰውዬው ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ደጋግሞ አየው። ልጅቷም አልሠራልሽም ሊለኝ ነው ብላ ጠበቀች። «የማን ሰዓት ነው?» አላት። «የእናቴ» አለችው። «እናትሽ ደህና ናት?» አላት። ከዚያ ማጉያ መስታወቱን ከዓይኑ ላይ ሳያነሳ፣ ባንኮኒው ላይ ያሳረፈችውን እጇን ተመለከተ። ያቺን አጭርና ጠፍጣፋ አውራ ጣቷን። ሰዎች «ከማን ወሰደችው?» ሲሉሽ «ከአያቷ» እያልሽ የኖርሽበትን አውራ ጣት። እሷም የእሱን አየች። «አክስቴ፣ እጄን በሰው እጅ ላይ አየሁት» አለችኝ፤ ማበጠሪያውን ይዛ ቀረች፤ ቁራሽ እስክትጎነትላት ድረስ።

በግራ እግሩ ያነክሳል። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍልሽም። ልጅቷ ስለ አባቷ አሟሟት በልጅነቷ የነገርሻትን ሁሉ በደንብ ታስታውሳለች፤ አንድ ቀን እንኳ ስትወቅስሽ አልሰማኋትም። እሱ ከዚያ በኋላ ለሥራዋ ቅርብ ልሁን ብሎ ያቺን እቃ ቤት ከዘበኛው ተከራየ። ለምሳ ሱቁን ዘግቶ ይመለሳል፤ እሷም በጓሮው በር ትገባለች፤ አብረው ይበላሉ። «ለእናትሽ አትነግሪያትም?» ስላት «ቀስ ብዬ» አለችኝ። ምስጢሯን ዛሬ ሰብሬዋለሁ። ስትወጣ ትቆጣኝ፤ ቁጣዋን በሁለት እጄ ነው የምቀበለው።

አንቺ ግን፣ እህቴ፣ አታውቂም ነበር? ሰዓቱ ተሠርቶ ሲመጣልሽ እኔም ቤትሽ ነበርኩ። በአንድ ሽንኩርት የባለ ሱቁን ዘር የምትቆጥሪ ሴት የት ተሠራ፣ ማን ሠራው ብለሽ አልጠየቅሽም። ጆሮሽ ላይ አድርገሽ አዳመጥሽው፤ ከዚያ አሰርሽው፤ ከዚያ ወዲህ አልፈታሽውም። የልጅቷ ምሳ ዕቃም በዚያው ሰሞን ባለ ሦስት ደርብ ሆነ። «እማዬ ሰሞኑን የምትቋጥርልኝ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ አወፍራ ልትድረኝ ነው መሰለኝ» ብላ ስቃ ነግራኛለች። ያታለለችሽ መስሏት ነበር። እኔም ምንም አላልኳት።

ዛሬ ሠራተኞቹ የስፌተኞቹን መደርደሪያ ከፍርስራሹ ጫፍ አወጡት። ምሳ ዕቃዎቹን ግድግዳ ሥር ደርድረዋቸዋል። ሄጄ አንድ በአንድ አየሁ። ባለ ሦስት ደርብ የለም። ይዛው ወጥታለች።

አለቃው ሲጠይቅሽ ዋሸሽ አልልም፤ ፈጠንሽ ነው የምለው። ስትመልሺለትም ግራ እጅሽን በቀኝ እጅሽ ሸፈንሽው፤ ሰዓቱ ያለበትን። ዕድሜዬን ሙሉ የማይናገር ፍጡር ምን እንዳሰበ ከትከሻውና ከጆሮው ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እህቴንማ እንዴት ብዬ አጣታለሁ?

ባለቤቴ ሞቷል ስትይው የኖርሽው ሰፈር ሙሉውን ገመዱ ላይ መቆሙ ይገባኛል። በእሱና በአንቺ መካከል የነበረውን አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ሰፈሩ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ወደ አለቃው ድንኳን ገብተሽ «ልጄ ምሳዋን የምትበላው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው» በይው። ይህን ብቻ። ከማን ጋር ብሎ ቢጠይቅሽ «ያንተ ሥራ መቆፈር ነው» በይው፤ አንቺን መቆጣት የሚያስተምርሽ ሰው አያስፈልግሽም። ከአፍሽ ይህቺ ቃል ከወጣች ማሽኑ ይቆማል፤ እንጨቶቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ካልወጣች ግን ጠዋት ፊተኛው ይነሳል፤ መሐንዲሱ በመጻሕፍቱ ያሳየንም ይሆናል።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ቁራሽ የነገረችኝ የሚተነፍስ ሰው አለ ብላ ነው። ልጅሽ ትሁን አልነገረችኝም። እሱ ይሁን አልነገረችኝም። ሁለቱም ይሁኑ አልነገረችኝም። እሱ ብቻ ቢሆንስ? እሱ ብቻ ቢሆንም መቆፈር አለበት። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፤ ባታውቂ ኖሮ የምሳ ዕቃው ደርብ አይጨምርም ነበር።

ሾፌሩ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው፤ ነፋሱም ጋብ ብሏል። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ድምፅሽን አይንሳሽ። የቆምሽለትን ያሳይሽ። የቋጠርሽውን ምሳ የበሉት ሁሉ ደግመው ከእጅሽ ይብሉ።

ነገ መጀመሪያ ለቁራሽ ውኃ እሰጣታለሁ፤ ምግብ አልሰጣትም፤ ጠግባ አትሠራም። ቀጥዬ መዳፎቿን አንድ በአንድ አያለሁ፤ የኋላ ግራው ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ቅባት እቀባዋለሁ። ኳሷን አጥቤ ለትኬት ቆራጯ እሰጣታለሁ፤ ውሻዋንም አስረክባታለሁ። ከዚያ ወደ ድንጋዬ ሄጄ፣ ጀርባዬን ለፍርስራሹ ሰጥቼ፣ ወደ አለቃው ድንኳን የሚወስደውን መንገድ አያለሁ። ከዚያ ስትወጪ ካየሁሽ ጠጋ ብዬ ቦታ እለቅልሻለሁ፤ ድንጋዩ ለሁለት ይበቃል። ከእኔ ጋር ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ። ወደ ኋላ እንዳትዞሪ እጅሽን እይዘዋለሁ፤ ሰዓቱ ያለበትን። ትኬት ቆራጯ «ወራጅ አለ!» ስትል አብረን እንዞራለን።

እትዬሽ